በአንድ ግስ የተቀጠርን ሰዎች

አንዳንዱ ሰው በዘመድ ይቀጠራል፣ አንዳንዱ በትምህርቱ፣ አንዳንዱ በእድሉ። እኔና መቶ አርባ ባልደረቦቼ ግን የተቀጠርነው በግስ ነው። ግሱን የተናገሩት ሚኒስትር ናቸው፤ ሲናገሩትም አንድ እግራቸው መኪና ውስጥ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ምስጋና ላይ ጎበዝ አይደለሁም። ባለቤቴ «አንቺ ስታመሰግኚ የሰማ ሰው የተሰደበ ይመስለዋል» ይለኛል። ቢሆንም እሞክራለሁ።

የምንሠራው ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እኔ መስመር አራት ላይ ኮሌታ እሰፋለሁ። ሸሚዝ ለባሽ ሁሉ አንገቱ ላይ የአንዲት ሴት ወገብ ሕመም ተሸክሞ እንደሚዞር አያውቅም፤ ቢያውቅም ክራቫቱን ከማጥበቅ አይመለስም። ሕጉ፣ ስልሳ ቀን ሳያቋርጥ የሠራ ሰው ቋሚ ይሆናል ይላል። ፋብሪካው ደግሞ ሕግ አክባሪ ስለሆነ በሃምሳ ስምንተኛው ቀን ያሰናብተናል። ሦስት ቀን ቤታችን እንቀመጥና የጥበቃ ቤቱ መስኮት ላይ የስም ዝርዝር ይለጠፋል። ስሙ ያለበት ገብቶ አዲስ ውል ይፈርማል፤ ቀኑንም እንደገና ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል። በዚህ ዓይነት በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ ስምንት ጊዜ አዲስ ሠራተኛ ሆኛለሁ።

ያን ጊዜ አምስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ያረገዘች ጊዜያዊ ሠራተኛ እኛ ጋ አትባረርም፤ እንዲህ ያለ ጭካኔ ማንም አይፈጽምም። ስሟ መስኮቱ ላይ አይወጣም፣ በቃ። ለምን ብላ ብትጠይቅ «በሚቀጥለው ዙር ሞክሪ» ትባላለች። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ በሩን ያልፋል። ባለቤቴ ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ግንባታው ከቆመ ወዲህ የሚያነጥፈው ፍራሽ ብቻ ነው እያልኩ እቀልድበታለሁ። እሱም ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ ግን መሣሪያዎቹን አውጥቶ ይወለውላል። አማቴም ከእኛው ጋር ናቸው። ሦስታችንም የምንኖረው በኔ ኮሌታ ነበር፤ አራተኛው ደግሞ በመንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ከመጋዘን በሁለት ቁጥር የሚሰፋ ጋውን ተውሼ ሆዴን ደበቅኩ። የሚቀጥለው ዝርዝር ሊለጠፍ ሁለት ሳምንት አልቀረውም ነበር።

ከፋብሪካው ሰው ሁሉ አብልጬ የምጠላት የመስመራችንን ጥራት ተቆጣጣሪ ነበር። ስሟን ማንም አይጠራም፤ «ፍቺው» ነው የምንላት። ሸሚዙን መስኮቱ ጋ ወስዳ በብርሃን ታየዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ከዚያ መስመሩን አቋርጣ መጥታ ጭኔ ላይ ትጥለዋለች። «ፍቺው» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። የሰፋሁትን ፈትቼ እንደገና እሰፋለሁ። የሌሎቹ መስመሮች ተቆጣጣሪዎች ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ማህተም ይመታሉ። የእኛዋ ግን እግሯ አያርፍም፤ አሥር ጊዜ ትመጣለች፣ አሥር ጊዜ ትጥልብኛለች። አንድ ምሽት ጫማዬን እያወለቅኩ «ያቺ ሴት ዛሬም ፍቺው፣ ፍቺው ስትለኝ ዋለች» ብል አማቴ ፊታቸው ጠቆረ። ለካ ልጃቸውን እንድፈታ የምትመክረኝ መስሏቸው ኖሯል። ሁለት ቀን አኮረፉኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ የሸሚዙን ነገር ሳስረዳቸው «እኔስ ምን አጠፋ ብዬ ነበር» አሉ።

የሠራተኛ ማህበሩ ሊቀመንበር የማሽን መካኒኩ ነበሩ፤ ጋሼ ብሎን እንላቸዋለን። ማህበሩ የቋሚዎች ነው፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ መዋጮ አይከፍልም፣ ድምፅም አይሰጥም። ጋሼ ብሎን ግን ስለ እኛ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፈዋል። ሰውየው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ ጉዳይም የሚይዙት ብሎን እንደሚያጠብቁት ቀስ እያሉ ነው። መልስ የመጣው ለአንዱ ደብዳቤ ብቻ ሲሆን እሱም «ደብዳቤዎ ደርሶናል» ይል ነበር። ጋሼ ብሎን «መድረሱም ትልቅ ነገር ነው» ብለው ፋይል ውስጥ አስገቡት።

ምርጫ ሲቃረብ መንግሥት ሠራተኛ ይናፍቀዋል። አንድ ረቡዕ ሚኒስትሩ ሊጎበኙን መጡ። ከሦስት ቀን በፊት ግድግዳው ተቀባ፣ ሽንት ቤቱ በር ተገጠመለት፣ ለሁላችንም አዲስ ጋውን ታደለን። ጋውኑ ከጉብኝቱ በኋላ እንደሚመለስ በጽሑፍ ፈርመናል። የኔ ጠባብ ስለነበር ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥኩ። ሚኒስትሩ ካሜራ አስከትለው ሲያልፉ መስመሩ ጫፍ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ሆንኩና አጠገቤ ቆሙ።

«እዚህ ስንት ጊዜሽ ነው?» አሉኝ።

«ሦስት ዓመቴ ነው ክቡርነትዎ። ግን ሁልጊዜ አዲስ ነኝ።»

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ ሚኒስትሩ ስለሳቁ ሳቀ፤ ሌላው ሁሉ ሥራ አስኪያጁ ስለሳቀ ሳቀ። ያልሳቁት ጋሼ ብሎን ብቻ ነበሩ። ከማሽኑ ኋላ ወጥተው አሥራ ሁለተኛውን ደብዳቤ በሁለት እጃቸው ሰጧቸው።

የቀረውን ያየሁት እንደማንኛውም ሰው ቤቴ፣ በቴሌቪዥን ነው። በሩ ላይ አንዲት ጋዜጠኛ ማይክሮፎኗን ዘርግታ «የጊዜያዊ ሠራተኞቹን ጥያቄ እንዴት አዩት?» ትላለች። ሚኒስትሩ ቸኩለዋል፤ ሌላ ቦታ ሪባን የሚቆርጡ ይመስለኛል። «ጥያቄያቸውን ተቀብለናል፤ ሁሉንም ቀጥረናቸዋል» አሉና የመኪናው በር ተዘጋ።

አማቴ ከተቀመጡበት ተነሱ። «ቀጠሯት! ሰምታችኋል? ሚኒስትር ነው የቀጠራት።»

ባለቤቴ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። እኔ ግን የመንግሥት ቢሮ ደጅ የጠናሁ ሴት ነኝ፤ «ቀጥረናል» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አውቃለሁ። «እማማ፣ ቀጠሮ ሰጥተናቸዋል ማለታቸው እኮ ነው። ነገ ኑ፣ ከነገ ወዲያ ኑ የሚሉት ዓይነት።»

«አንቺ ደግሞ ደስታ አይሆንሽም» አሉኝ። «ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው ቀን ይናገራል። ሰውየው ቀን ተናገረ?»

«አልተናገረም።»

«እንግዲያው ቀጥሯል።»

ያን ምሽት ጎረቤት እየመጣ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። እኔም አማቴን ላለማሳፈር አመሰግናለሁ እያልኩ አመሸሁ። በማግስቱ ጠዋት የፋብሪካው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። «ክቡር ሚኒስትሩ ትናንት የተጠቀሙበት ቃል ቀጠሮ መስጠትን እንጂ ሥራ መስጠትን የሚያመለክት አለመሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። ሰው ተሰብስቦ ያነባል፤ የሚሳደብም፣ የሚስቅም አለ። ጋሼ ብሎን መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ጠጋ ብዬ አማቴ ያሉትን ነገርኳቸው፤ ቀጠሮ የሚሰጥ ቀን ይናገራል።

መነጽራቸውን አወለቁ። በሦስት ዓመት ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። «አማትሽ የማህበር አባል ናቸው?»

«ጡረታ እንኳን የላቸውም።»

«ሊቀመንበርነቱን ልልቀቅላቸው ይሆናል» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ጠና። «ስሚ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሚኒስትሩ ራሳቸው እስካላብራሩ ድረስ ይሄ ወረቀት የሥራ አስኪያጁ ትርጓሜ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ የራሳችን ትርጓሜ አለን።»

ዓርብ በምሳ ሰዓት መቁረጫ ክፍል ውስጥ ጠቅላላ ጉባኤ ጠሩ። የቀረበው ጥያቄ አጭር ነበር፤ ሚኒስቴሩ የትኛውን ትርጉም እንደፈለገ በጽሑፍ እስኪያሳውቅ ድረስ ሥራ እናቁም ወይስ አናቁም? ድምፅ የሚሰጡት ቋሚዎቹ ናቸው፤ የጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ተቀምጠዋል። እኛ ጊዜያዊዎቹ ግድግዳውን ተደግፈን ቆመናል። ያለ ድምፅ መቆም እንዴት እንደሚያደክም የቆመ ያውቀዋል። አጠገቤ የቆመችው ልጅ እጄን ይዛኝ ነበር።

መጀመሪያ የተነሳው የቁልፍ ማሽን ሠራተኛው ነው። «እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ» አለ። «ለምርጫ ሁለት ወር ሲቀረው ሥራ ያቆመ ሰው ፖለቲከኛ ነው ይባላል። ውጭ ደግሞ ሥራ ፈላጊው አጥሩን ታክኮ ተሰልፏል። ለቋሚነት ስድስት ዓመት ለምኛለሁ። ለእነሱ ብዬ የኔን ላጣ?» ማንም አልጮኸበትም። እኔም አልተቀየምኩትም፤ በእሱ ቦታ ብሆን የምናገረው ያንኑ ነበር። ብዙ ራሶች ተነቀነቁ። ሆዴ ውስጥ ልጄ ተገላበጠ፤ ነገሩ የገባው ይመስል።

ያን ጊዜ ፍቺው ተነሳች። አለቀልኝ አልኩ። ባለፈው ሳምንት ሸሚዝ ልትጥልብኝ ስትመጣ ዓይኗ ጋውኔ ላይ ትንሽ ቆይቶ ነበር፤ ያየችውን የምትረሳ ሴት አይደለችም።

«የኔ ሥራ ስህተት መፈለግ ነው» ብላ ጀመረች። ከአንድ ቃል በላይ ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ነው። «መመሪያው፣ ስህተት ያገኘሽበትን ሸሚዝ በሰፋችው ሴት ቁጥር ብልሽት መዝገብ ላይ ጻፊ ይላል። በአንድ ዙር ሦስት ብልሽት የተጻፈባት ጊዜያዊ ሠራተኛ ስሟ መስኮት ላይ አይወጣም። ይሄን እኔና የሰው ኃይል ኃላፊው ነን የምናውቀው። አሁን እናንተም እወቁት።»

የሰው ኃይል ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወደ እሱ ዞራ አየችውና ቀጠለች። «በሦስት ዓመት ውስጥ ከመስመር አራት አንድም አልጻፍኩም። እየተመላለስኩ አስፈታለሁ፣ መልሰው ይሰፋሉ፣ ደህና ሆኖ ይወጣል። አንድ የተበላሸ ሸሚዝ ከእጄ አልወጣም፤ አንድ ሰውም አላስወጣሁም። ጉልበቴ አልቋል። ኃላፊው እየሰማኝ ነው፤ ይስማኝ። ለምን እንደምነግራችሁ ታውቃላችሁ? ብቻዬን እየዞርኩ ሰው ማትረፍ ደክሞኛል። እጃችሁን አንሱና አግዙኝ።»

ተቀመጠች። በሦስት ዓመት ውስጥ ጭኔ ላይ የወደቁትን ሸሚዞች ለማሰብ ሞከርኩ፤ በቀን አሥር፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት። በእያንዳንዱ እረግማት ነበር። እሷ በእያንዳንዱ ቁጥሬን ከመዝገብ እያስቀረች ነበር። ማፈር ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ አላውቅም ነበር።

ጋሼ ብሎን «የሚደግፍ?» አሉ። እጆች ተነሱ። አንድ ላይ አይደለም፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት፣ ከዚያ ክፍሉ ሞላ። የቁልፍ ማሽን ሠራተኛው እጁን እስከ ደረቱ አንስቶ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ እየተቆጣ ወደ ላይ ሰደደው። «ልጆቼን ስታሳድጉ አያችኋለሁ» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔ ግን አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹ ጠፉ። ቋሚዎቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ እኛም እንደነሱ አደረግን። የግድግዳው ሰዓት ድምፅ እንዳለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ሥራ አስኪያጁ ወጣ፣ ገባ፣ ስልክ ደወለ፣ ላቡን ጠረገ። ጋዜጠኛዋ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ ደረሰች። ወደ ሚኒስቴሩ ደውላም አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ ቀጥረናቸዋል ማለት ምን ማለት ነው? አስቡት፤ ምርጫ ሁለት ወር ሲቀረው በአገሩ ቴሌቪዥን ቀርቦ «አልቀጠርንም» የሚል ሚኒስትር አለ?

አመሻሹ ላይ ደብዳቤው መጣ። ጋሼ ብሎን አንድ ማሽን ተደግፈው አነበቡልን። «ክቡር ሚኒስትሩ የተጠቀሙበት ቃል በሁለቱም ትርጉሙ የጸና መሆኑን እየገለጽን፣ ሠራተኞቹ የቋሚነት ውል ለመፈረም ለመጪው ሰኞ ጠዋት የተቀጠሩ መሆኑን እናስታውቃለን።» አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጠፉት። «እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ለሰኞ ቀጥረውናል፣ ሰኞ ደግሞ ይቀጥሩናል» አሉ።

ቤቴ ገብቼ ለአማቴ ስነግራቸው ብዙም አልተገረሙም። «ረቡዕ ነግሬሽ ነበር» ብለው ትራስ አምጥተው እግሬ ሥር አደረጉልኝ።

ቅዳሜ ግን ሌላ ደብዳቤ ወጣ፤ ለፍቺው። መመሪያ ስለጣሰች ከጥራት ተቆጣጣሪነት ተነስታ ወደ ስፌት መስመር እንድትመለስ ተወሰነ። ሊያባርሯት ፈልገው ነበር። ጋሼ ብሎን ከእጇ የወጣ አንድ የተበላሸ ሸሚዝ አምጡና አሳዩን ብለው አስቀሯት፤ ማንም ሊያመጣ አልቻለም። ወንበሯን ግን ማስመለስ አልቻሉም።

ሰኞ ተሰልፈን ፈረምን። ተራዬ ሲደርስ የተዋስኩትን ሰፊ ጋውን ትቼ በራሴ ቀሚስ ነበርኩ። የሰው ኃይል ኃላፊው ቅጹን እየሞላ ቀና አለ፣ ሆዴን አየ፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«አምስት አልፎኛል።» መዋሸት አላስፈለገኝም፤ ሆዴ ራሱ ይናገር ነበር።

«እንግዲህ ይሄ...» አለና አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ክቡር ሚኒስትሩ ይሄን ዓይነቱን ሁኔታ ያሰቡበት አይመስለኝም። አንቺን በሚቀጥለው ዙር ብናይሽስ?»

ጠረጴዛውን ያዝኩ። ጋሼ ብሎን ከጎኑ ወንበር ስበው ተቀምጠው ነበር፤ ድምፃቸውን አሁንም አልጨመሩም። «ሁሉንም ነው ያሉት» አሉ።

«ሁሉንም ማለት እንግዲህ...»

«ሁሉንም ማለት ሁሉንም ነው። ይሄኛው ቃል ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው።»

ኃላፊው እሳቸውን አየ፣ ከኋላዬ የተሰለፈውን ሰው አየ። እስክሪብቶውን አነሳ። ስሜ ቋሚ ከሚለው ቃል በታች ሲጻፍ ፊደል በፊደል አየሁት። የወሊድ ፈቃድ የሚለው አንቀጽ ገጽ ሦስት ላይ አለ፤ ቆሜ አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። ለጋሼ ብሎን አመሰግናለሁ ልላቸው ብል አፌ እሺ አላለኝም። «ሂጂ፣ ሰልፉን አታቁሚብን» አሉኝ።

ወደ መስመሬ ስመለስ ከኔ ቀጥሎ ባለው ማሽን ላይ ፍቺው ተቀምጣለች። አሥራ አንድ ዓመት ቆማ የሠራች ሴት ወንበሩ አልተመቻትም፤ መርፌው ላይ ክር ለመሰካት እየታገለች ነበር። አጠገቧ ቆምኩ። መንገድ ላይ የተዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ።

«እትዬ» አልኳት፤ እንዲህ ብዬ ስጠራት የመጀመሪያዬ ነው። «ወንበርሽን ያጣሽው በእኛ ነው። ልጄን ሥራ ይዤ የምወልደው በአንቺ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከኋላሽ ያልኩትን ብትሰሚ ኖሮ...»

«ሰምቼዋለሁ» አለች፣ ክሩን በምራቋ እያረጠበች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ግን የሥጋ ዘመዷ ኖሯል። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ጠንቋይ ያልሽኝን፣ በእንቅልፌም ትመጣብኛለች ያልሽውን። አንዳንዱ ያስቃል።»

«ታዲያ እየሰማሽ ለምን?»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ ሥር ድካም ነበር፤ ቅያሜ ግን ፈልጌ አጣሁ። «ተናደሽ እንኳን ሥራውን ጥለሽ አልወጣሽም፤ ፈተሽ ትሰፊ ነበር» አለች። «እጅሽም ጥሩ ነው። ጫፉ ላይ ብቻ ትቸኩያለሽ።»

አንገቷን አቅፌ አለቀስኩ፤ መስመሩ ሁሉ እያየ። አላቀፈችኝም፤ አልገፋችኝምም። ትንሽ ከቆየች በኋላ ጀርባዬን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ ወንበሬን በእግሯ ሳበችልኝ። «ተቀመጪ» አለች፣ «እግርሽ አብጧል።»

ተቀመጥኩ። ክሩን ተቀብዬ ሰካሁላትና ሁለታችንም ሥራ ጀመርን።